መስኮት ላይ የሚያቆመን አዋጅ አይደለም
ስለ መንግሥት ቢሮዎች እንግልት የጻፉት ጸሐፊ «ባለጉዳይ የሚንገላታው አዋጅ ስለበዛ ነው» ያሉት አልተዋጠልኝም። አዋጅማ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብም እንደዚያው። ፈልጎ ማንበብ ይቻላል። መስኮት ላይ የሚያቆመን መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚያወጣው መመሪያ ነው፤ ሲብስም ሰርኩላር፣ ማለትም ለሠራተኞቹ የሚበትነው የትእዛዝ ደብዳቤ። የአስመጪዎችን ሰነድ ይዤ ቢሮ ለቢሮ የምዞር ሰው ነኝ። ባለፈው ፈቃድ ላሳድስ ሄጄ አንድ ወረቀት ጎደለ ተባልኩ። በር ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ ደግሞ የለም። «አዲስ ሰርኩላር ወጥቷል» አለኝ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ። እስቲ ልየው ስለው «የውስጥ ነው» ብሎ ፋይሌን መለሰልኝ። የማላየው ሕግ እኔን ያስራል ማለት ነው! ይሄ እንዳይሆን እኮ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለ። መመሪያ ሲረቀቅ ሕዝብ አስተያየት ይስጥበት፣ ሲጸድቅም ይመዝገብና ድረ ገጽ ላይ ይውጣ ይላል። ምዝገባው አሁን ፍትሕ ሚኒስቴር ጋ ነው። ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። በጽሑፉ ላይ አስተያየት ሲሰጡ «መፍትሔው ክስ ብቻ ነው» ላሉት ወንድማችን፦ እውነት ነው፣ የመሥሪያ ቤቱን ቅሬታ ሰሚ ጨርሶ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ግን ዕቃው ወደብ ላይ ኪራይ እየቆጠረ ማን ፍርድ ቤት ይመላለሳል? ቀድሞ የሚያዋጣው «ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ስጡኝ» ማለት ነው፤ አዋጁ ያስገድዳቸዋል። እኔ እንደዚያ ስል አለቃው ራሱ ወጥቶ ነው የጨረሰልኝ።