አልቢነን ሰው ትፈልጋለች

አጎቴ ገና ቁርስ ሳልቀምስ ደወለ።

«ፓስፖርትህ ጊዜው አላለፈበትም አይደል?»

«ምን ተገኘ ጋሼ?»

«ስዊዘርላንድ ውስጥ አንዲት መንደር ሰው አልቆባት ገንዘብ እየሰጠች ነው። ለአዋቂ 25 ሺህ ፍራንክ፣ ለልጅ 10 ሺህ። አንተ፣ ሚስትህ፣ ሁለቱ ልጆች... 70 ሺህ! ደምሬዋለሁ።»

መደመሩ ትክክል ነው። ዜናውም ውሸት አይደለም። ብቻ ትንሽ ሻግቷል። አልቢነን የምትባለው የቫሌ ካንቶን መንደር ይህን የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ነው። ያኔ ነዋሪዋ 240 ገደማ ነበር። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲወርድ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ የቀሩት ልጆች በአውቶቡስ ወደ ጎረቤት ከተማ መመላለስ ጀመሩ። መንደርተኛው ተሰብስቦ ድምፅ ሰጠ፤ 71 ለ29 አለፈ። ከ240 ሰው 100 ሰው ስብሰባ መጥቶ፣ ውሳኔ ላይ ደርሶ ወደ ቤቱ መግባቱ ነው እኔን ያስደነቀኝ። የእኛ ዕድር ቢሆን ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነብቦ ሳያልቅ ይመሽ ነበር።

«ጋሼ፣ ቅድመ ሁኔታ አለው እኮ።»

«እሱን ዝለለው።»

አልዘለልኩትም። ዕድሜ ከ45 በታች። («የልደት ካርድ ይስተካከላል» አለ፣ ሳል አስመስሎ።) ቢያንስ 200 ሺህ ፍራንክ የሚያወጣ ቤት መግዛት ወይም መሥራት። 10 ዓመት እዚያው መኖር፤ ቀድሞ የወጣ የወሰደውን ይመልሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አመልካቹ ወይ ስዊዘርላንዳዊ መሆን አለበት፣ ወይ «ሲ» የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ያለው። የእኛ ዓይነቱ ሰው ያን ፈቃድ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ እዚያው አገር 10 ዓመት ከኖረ በኋላ ነው።

«ስለዚህ ስዊዘርላንድ ለመግባት መጀመሪያ ስዊዘርላንድ መኖር አለብኝ ነው የምትለኝ?»

«እንደዛ ነው ጋሼ።»

ዝም አለ። ተስፋ ግን አልቆረጠም፤ ወደ ጂኦግራፊ ዞረ። «ለመሆኑ ብርዱ እንዴት ነው? ተራራ ላይ ናት አሉ።»

ተራራ ላይስ ናት። ከሮን ሸለቆ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ተለጥፋ፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው የእንጨት ቤቶች ተጠጋግተው የቆሙባት። ከፍታዋ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከድሬዳዋ ብዙም አትበልጥም። ልዩነቱ ድሬዳዋ ላይ ሰው ከሙቀት ሸሽቶ ጥላ ይፈልጋል፣ እነሱ በክረምት በረዶ ይዝቃሉ። እንዲያውም በአውሮፓ ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚኖርባት ከፍተኛዋ መንደር የምትባለው ዩፍም እዚያው ስዊዘርላንድ ናት፤ 2,126 ሜትር። አዲስ አበባ ቁልቁል ታያታለች።

መንገድ ከመሠራቱ በፊት የአልቢነን ሰው በቅርብ ወዳለው ፍልውሃ፣ ወደ ሎይከርባድ፣ የሚሻገረው ገደል ላይ በተደገፉ ስምንት የእንጨት መሰላሎች ነበር። መሰላሎቹ ዛሬም አሉ፤ አሁን የሚወጣባቸው ቱሪስት ነው። ይህን ለአጎቴ ስነግረው ድምፁ ተለወጠ።

«መሰላል? አስከሬንስ በምን ያወጣሉ?»

«አሁን መንገድ አለ፣ ጋሼ።»

«ይሁንና... 240 ሰው? ግማሹ ሽማግሌ ነው። አንድ ሰው ቢሞት ድንኳን ማን ይተክላል? ንፍሮ ማን ይቀቅላል?»

መልስ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልእክት ገባ። ያው ዜና ነው፣ ከነ70 ሺሁ። ቅድመ ሁኔታው የለበትም። ከሥሩ አጎቴ አንድ መስመር ጨምሯል፦ «ዕድር የላቸውም። የምትሄዱ አስቡበት።»