ከግንዘት እስከ ችሎት

ወገኖቼ የጎጃም ሰዎች ሆይ፣ በየድንኳኑና በየቡናው ላይ የምንፈርደውን ፍርድ እንተው። ሚስት ሞታ ባል ታስሯል፤ የሟች ወንድሞች «ደብድቦ ገደላት»፣ የእሱ ወገኖች «ወድቃ ነው» ይላሉ፤ የአስከሬን ምርመራው ውጤትም ሁለቱን ወገን አላስማማም። እኛ ግን ወረቀቱን ሳናይ ለሁለት ተከፍለናል።

በሠልስቷ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ነበርሁ። ከገነዟት እናቶች አንዷ «ጀርባዋ እንዳለ በልዞ ነበር፤ ዱላ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» ሲሉ ሰማሁ፤ እስከ ማታ ወሬው አገር አዳረሰ። እማማ ያዩትን ነው የተናገሩት። ነገር ግን ልብ ሲቆም ደም በክብደቱ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ በጀርባው የተኛ አስከሬን ጀርባው ይጠቁራል፤ መደብ የተጫነው ትከሻና መቀመጫ ብቻ ነጣ ብሎ ይቀራል። ይህንን ከበለዝ የሚለየው፣ ቆዳውን ከፍቶ ደሙ ወደ ሥጋው ፈስሶ እንደሆነ የሚያይ ሐኪም ነው። የሞተችበት ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ሰዓቱ የሚገመትበት የአስከሬን መገተር በጮቄ ብርድ ይዘገያል፣ በዓባይ በረሃ ሙቀት ይፈጥናል። እርግጥ ዱላም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ለባልየው አልቆምሁም።

በአሜሪካ ኦሃዮ እ.ኤ.አ. በ1954 ሳም ሼፐርድ የተባለ ሐኪም ሚስቱን ገድሏል ተብሎ ሲከሰስ፣ የአስከሬን መርማሪው በትራሷ ላይ የታየው የደም ቅርጽ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አሻራ ነው ብሎ መሰከረ፤ መሣሪያው ግን ከቶ አልተገኘም። ጋዜጣው አስቀድሞ ፈርዶበት ነበርና ዐሥር ዓመት ያህል ታሰረ፤ በ1966 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያ ጫጫታ ምክንያት ፍርዱን ሻረው፣ በዚያው ዓመትም እንደገና ተዳኝቶ በነጻ ተሰናበተ።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር፣ ማስረጃውን እንዲያይና ምስክሮችን እንዲጠይቅ ይደነግጋል። የሟች ቤተሰብ ውጤቱን ከተጠራጠረ ለዐቃቤ ሕግ ያመልክት፤ ሐኪሙም ችሎት ቀርቦ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተን። አባቶቻችን ወንጀለኛን ለመለየት አገሬው በሚሰበሰብበት በአውጫጭኝ ሲቀመጡ ያየ ያየውን በመሐላ ይናገር ነበር፤ እኛ ግን ያላየነውን ስንደጋግም ነገ የሚመሰክሩት ጎረቤቶች ያዩትን ከሰሙት መለየት ተስኗቸዋል።

እማማም ያዩትን፣ ያዩትን ብቻ፣ ለመርማሪው ይንገሩ። ሟቿ የተወቻቸው ሁለት ልጆች ከአያታቸው ቤት ናቸው፤ ታላቂቱ ውኃ ልትቀዳ ስትመጣ በፊቷ ስለ እናቷ ጀርባ የምናወራ ሰዎች፣ ከዛሬ ጀምሮ ዝም እንበል።