አዲሱ መርማሪ ገና ሳይመጣ ለምን ይሰደባል?

እ.ኤ.አ. በ2011 አማንዳ ሮሊንስ የምትባል መርማሪ ከአትላንታ ተዛውራ ኒውዮርክ ገባች። «ሎው ኤንድ ኦርደር፦ ኤስቪዩ» በሚባለው የወንጀል ድራማ ውስጥ ማለቴ ነው። ሴትየዋ ግን ክፉ ቀን ላይ ነው የመጣችው። አሥራ ሁለት ሲዝን ሙሉ ከዋናዋ መርማሪ ከኦሊቪያ ቤንሰን ጎን ያልጠፋው ኤሊየት ስቴብለር ገና መሄዱ ነበር። ተዋናዩ ክሪስቶፈር ሜሎኒ በኮንትራት ሳይስማማ ቀረ፤ ገጸ ባህሪውም ከወጣ በኋላ እስከ 2021 ድረስ አልተመለሰም። ስንብት የለ፣ መጨባበጥ የለ። ቤንሰን መልቀቂያ ማስገባቱን የሰማችው ከአለቃዋ አፍ ነው። ተመልካቹም አብሯት ሰማ። በቃ።

ሮሊንስ ኒክ አማሮ ከሚባል ሌላ አዲስ መርማሪ ጋር እዚያ ቢሮ ቁጭ ያለችው በዚህ መሃል ነው። አድናቂው ምን እንዳላቸው መገመት አይከብድም። ይቺ ደግሞ ማን ናት? እሱስ የማንን ቦታ ሊሞላ ነው? አንድ ክፍል ሳይታይ ፍርዱ ተሰጥቶ አለቀ።

በ2022 ሌላ ዜና መጣ። ሮሊንስን የምትጫወተው ኬሊ ጊዲሽ ከድራማው ልትወጣ ነው ተባለ። አድናቂው እንደገና አበደ። አሁን የተናደደው ግን ስለ እሷ ነው። እንዴት ትሄዳለች? ማን አባቱ ነው ያባረራት? አሥራ አንድ ዓመት በፊት ማን ጠራሽ የተባለችው እኮ ይቺው ናት። (ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ድራማዎቹ የእነሱ ናቸው፣ እኔ ምን ላድርግ።)

አንዳንዱ ይህን አይቶ «ሰው ነዋ! ከማያውቀው መልአክ የሚያውቀው ሰይጣን ይሻለዋል» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ትንሽ ልቆይበት። አዲስ ገጸ ባህሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠላው ከመታየቱ በፊት ነው። የሚያስጠላው ደግሞ መጠበቁ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩን እንየው። የአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች ሲዝን የሚዘጉት በአብዛኛው ግንቦት ላይ ነው። የሚከፍቱት መስከረም ላይ። እገሌ ወጣ፣ እገሊት ገባች የሚለው ዜና የሚለቀቀው ደግሞ በመሃል፣ ምንም በማይታይበት ወቅት ነው። ተመልካቹ እጁ ላይ ያለው አንድ ፎቶና አንድ ስም ነው። በዚህች ላይ ሦስት ወር ይብሰለሰላል። መስከረም ሲደርስ አዲሱ መርማሪ እንደ እንጀራ እናት ነው የሚታየው፤ ምንም ብታበስል ጨው ይበዛበታል።

ይህን የማለው ጅማ ተቀምጬ ስለማይ ነው። እኛ እንደዚያ አናይማ!

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ፊልም የሚጭን ልጅ አለ። ቤቱ ከበርጩማና ከኮምፒውተር ሌላ ምንም አይዝም። ኮምፒውተሩም የጎን ሽፋኑ ተነቅሎ አንጀቱ ይታያል። ማራገቢያው ይጮኻል። ፍላሽህን ትሰጠዋለህ።

«ስንት ጊጋ ናት?»

«ሠላሳ ሁለት።»

«ኧረ አትበቃህም! ሃርድ ዲስክ የለህም?»

ከዚያ አምስት ሲዝን፣ ሰባት ሲዝን፣ እስኪሞላ ይጭንልሃል። ሰኔ ላይ የጫንከውን ሐምሌ ላይ ትጨርሳለህ። እዚያ አገር አሥር ዓመት የፈጀ ድራማ እዚህ በአንድ ክረምት ያልቃል። አንዱ ገጸ ባህሪ ሞቶ ሌላው እስኪተካ ያለው ጊዜ ቀጣዩን ፋይል እስክትነካ ድረስ ነው። ልቅሶ ለመቀመጥ እንኳ አይበቃም።

ልጁ አንድ ጊዜ ያጫወተኝን ልንገራችሁ። አንድ ደንበኛው ኤስቪዩን እስከ አሥራ ሁለተኛው ሲዝን ብቻ እንዲጭንለት አዘዘው። ስቴብለር የሌለበትን አልፈልግም፣ ቦታ አታባክንብኝ ብሎ። ልጁ ግን አሥራ ሦስተኛውን ዝም ብሎ ጨመረበት። በሳምንቱ ሰውዬው አሥራ አራተኛውን ፍለጋ መጣ። ስለ ስቴብለር አላነሳም፣ ልጁም አልጠየቀውም።

በዚህ መንገድ ከመጡብን ሰዎች ሁሉ እኔ የማልረሳው የ«ፕሪዝን ብሬክ»ን አሌክሳንደር ማሆንን ነው። የመጀመሪያውን ሲዝን ከጀለሶቼ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ጨርሰናል። ማይክል ወንድሙን ከእስር ቤት አውጥቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፣ መብራት እንዳይጠፋ እንጸልያለን። ሁለተኛው ሲዝን ሲከፈት አንድ ኮስታራ ሰውዬ ብቅ አለ። የኤፍቢአይ ሰው ነው። ቤቱ ወዲያው ተንጫጫ። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» «በሁለት ክፍል ይገደላል፣ ታያላችሁ።» «አክተሩን ሊነካው? አይችልም!»

ከዚያ ሰውዬው የማምለጫው ዕቅድ የተደበቀበትን የማይክልን ንቅሳት ፎቶ አንድ በአንድ እያየ ማንበብ ጀመረ። ማይክል ወንዝ ውስጥ የጣለውን ሃርድ ዲስክ አስወጣ። ለካ አክተሩን በጭንቅላት የሚስተካከለው ሰው መጥቷል! ቀጥሎ ደግሞ ኪኒኑን እስክሪብቶ ውስጥ ደብቆ እንደሚይዝ አየን። ሰውዬው ራሱ በሽተኛ ነው፣ ራሱ ሚስጥር አለበት፣ ጓሮው ውስጥ የቀበረው ነገር አለ። ይገደላል ያለው ልጅ እሱ ሲመጣ «ዝም በሉ!» የሚል ሆነ። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊትና በማግስቱ ነው የሆነው። በ2006 ድራማውን በየሳምንቱ ሲጠብቅ የነበረ አሜሪካዊ እዚያ ለመድረስ ወራት ፈጅቶበታል።

ይህን ስል አድናቂ ሁሌ በባዶ ነው የሚጮኸው ማለቴ አይደለም። «ክሪሚናል ማይንድስ»ን ያየ ይፍረድ። በ2010 ጣቢያው ሲቢኤስ ጄጄን የምትጫወተውን ኤ.ጄ. ኩክን አስወጣ። ኤሚሊ ፕሬንቲስን የምትጫወተው ፔጀት ብሩስተርም የምትታይባቸው ክፍሎች ተቀነሱባት። ሁለት ሴቶች፣ ሁለቱም ተወዳጅ፣ በአንድ ክረምት። አድናቂው ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። በዚያው ሲዝን አሽሊ ሲቨር የምትባል ወጣት ሰልጣኝ ቡድኑን ተቀላቀለች። ሬቸል ኒኮልስ ነበረች የምትጫወታት። አባቷ ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ እሷ ደግሞ እንደ አባቷ ያሉትን ልታሳድድ መጣች። ታሪኩን ብቻ ብትሰሙት ወርቅ ነው። ግን ማን ይስማት? ሁለቱ በተገፉበት በር የገባች ሆና ታየች። ሲዝኑ ሲያልቅ ኒኮልስ ወጣች። በቀጣዩ ሲዝን ኩክም ብሩስተርም ተመለሱ።

እዚህ ላይ አድናቂው አሸነፈ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ስለ ኩክና ስለ ብሩስተር የተጮኸው ልክ ነበር። የሲቨር ነገር ግን ይቆጨኛል። ቢሮ ውስጥ ስለ ገንዘብ የወሰኑት ሰዎች በስም አይታወቁም። በየሳምንቱ ቴሌቪዥን ላይ የምትታየው እሷ ናት። ስለዚህ ዱላው እሷ ላይ አረፈ። ልጅቷ ማንን ገደለች? የገደለው አባቷ ነው።

ትልቅ ስም መያዝም አያድንም። ሎረንስ ፊሽበርን «ሲኤስአይ» ውስጥ የገባው በዓለም የታወቀ ተዋናይ ሆኖ ነው። የገባውም አለቃው ግሪሰም ሊሰናበት ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ቢያንስ ስንብት ነበረ። ቢሆንም ተመልካች ቀነሰ፤ በ2011 እሱም ወጣ።

ታዲያ የሚሳካላቸው ምን አድርገው ነው? ለእኔ ምርጡ ምሳሌ «ኤንሲአይኤስ» ነው። በ2005 የሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ የቡድኑ መርማሪ ኬት ቶድ በአነጣጣሪ ተኳሽ ጥይት ግንባሯን ተመታች። አሁን ተርፋ፣ አሁን ቀልዳ፣ ወዲያው ወደቀች። ገዳይዋ አሪ የሚባል ሰው ነው። ሦስተኛው ሲዝን ሲጀምር ዚቫ ዴቪድ መጣች። የሞሳድ፣ የእስራኤል የስለላ ድርጅት፣ ሰላይ ናት። እስቲ ገምቱ፤ የአሪ እህት ናት! በአባት። የመጣችውም ወንድሜ አልገደለም ብላ ልትከራከርለት ነው።

ይሄ ድፍረት ነው። ጸሐፊዎቹ ተመልካቹ እንደሚጠላት ያውቃሉ። ስለዚህ እንዲወዳት አልለመኑትም። ጭራሽ የሚጠላበትን ምክንያት ጨመሩለት። ጥል፣ ወገንተኝነት፣ የወንድም ነገር። ከዚያ እውነቱ ሲወጣ የገዛ ወንድሟን የተኮሰችው እሷ ሆነች። ከዚያ በኋላ ማን «የኬትን ቦታ ያዘች» ይላል? የራሷን ዕዳ ይዛ ነው የገባችው። ተዋናይዋ ኮቴ ደ ፓብሎ በ2013 ስትወጣ አገር ተንጫጫ፤ በእሷ እግር የመጣችው ቢሾፕ ደግሞ በተራዋ «እንደ ዚቫ አይደለችም» ተባለች። እንግዲህ ዙሩ ይቀጥላል።

ማሆንም ዚቫም የሄደውን ሰው እንዲያስረሱ አይደለም የተጻፉት። ሁለቱም ሲመጡ ሥራ ነበራቸው። አንዱ ሊይዝ፣ አንዷ ልትከላከል። በሰው ቦታ ቁጭ በልና ሰው ይውደድህ የተባለ ገጸ ባህሪ ግን ሞቶ ነው የሚወለደው።

እኛ በፍላሽ ስለምናይ ትዕግሥተኞች ነን እያልኩ ይመስላል። አይደለንም። ጠብቁ ስንባል እኛም ያው ነን። ማስረጃዬ ሩቅ አይደለም፣ ጎረቤቴ ያሉ እናት ናቸው። ቃና በ2016 ከተከፈተ ጀምሮ ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን በየዕለቱ ይከታተላሉ። ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ነው። ታዲያ አንድ ቀን የአንዷ ሴት ድምፅ ተቀየረ። የምታሰማው ሌላ ሰው ሆነች። እሳቸው ስኒውን አስቀመጡት።

«ይቺ እሷ አይደለችም!»

«እትዬ፣ መልኳ እኮ ያው ነው» አልኳቸው።

«መልኳን ምን ላድርገው? እኔ የማውቃት በድምጿ ነው።»

ስንት ሳምንት ኩርፊያ እንደነበረ እኔ ነኝ የማውቀው። ሴትየዋ ስታለቅስ አያለቅሱም። ስትበደል «ይበላት» ይላሉ። ምን አጠፋች? የልጃቸው ልጅ ያንኑ ድራማ አስጭኖ በሁለት ቀን ሲያየው ግን ድምፅ መቀየሩንም ልብ አላለውም። ነገሩን ሳነሳበት «የቷ?» አለኝ። አያትየው ከአንዱ ክፍል እስከ ሌላው ሃያ ምናምን ሰዓት ይብሰለሰላሉ፤ እሱ ቀጣዩን ፋይል ወዲያው ይነካል።

ወደ አገራችን ሳምንታዊ ድራማዎች ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። አንዳንዴ ገጸ ባህሪው ያው ሆኖ ሰውየው ይቀየራል። ባለፈው ሳምንት ጠይምና ቀጭን የነበረው ባል ዛሬ ቀይና ወፍራም ሆኖ ከመኝታ ቤት ይወጣል። ሚስቱ ምንም ሳይመስላት «ቁርስ ቀርቧል» ትለዋለች። ሳሎኑ ሙሉ ይስቃል። አዲሱ ተዋናይ የፈለገውን ያህል ቢችልበት ያንን ሳቅ ለማስረሳት ስንት ክፍል ያስፈልገዋል! ተዋናይ ሊታመም፣ ውጭ አገር ሊሄድ፣ ከፕሮዲውሰሩ ጋር በክፍያ ሊጣላ ይችላል። ይህ የትም ያለ ነው። ግን ወንጀል ነክ ድራማ እየጻፋችሁ ሰው የምትሸኙበት መንገድ ጠፋብን ማለት አያምርባችሁም። ጥይት አለ፣ የመኪና አደጋ አለ፣ እስር አለ፣ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ዝውውር አለ። ሌላው ቢቀር አንዱ ፖሊስ ሻይ እየጠጣ «እገሌ እኮ ለቀቀ» ይበል። ከዚያ አዲሱን በራሱ ስም፣ በራሱ ጣጣ አስገቡት። የመጣ ዕለት አንድ ነገር ያበላሽ፣ ከአንዱ ጋር ይጣላ፣ አንድ ነገር ይደብቀን። ሁለት ክፍል ካልሰደብነው ግን ቅር ይለናል፤ እሷን ተዉልን።