ወርሃዊ ክፍያ ዋስ አይሆንም

ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ ከቅዳሴ ወጥተን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብለን ሳለ የአክስቴ ልጅ ስልኳን አዙራ የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ አፕ አሳየችኝ። ስክሪኑ ላይ የደበዘዙ የወንዶች ፎቶዎች ተደርድረዋል። ፊታቸው አይለይም፤ የጃኬታቸው ቀለምና የጸጉራቸው ቅርጽ ብቻ ይታያል። ከላይ «63 ሰዎች ወደውሻል» ይላል። ፊታቸውን ለማየት ግን በወር 35 ዶላር መክፈል አለባት። «ከነዚህ ውስጥ አንዱ የኔ ቢሆንስ?» አለችኝ። 41 ዓመቷ ነው፤ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ሌሊት ነው። ሌላው ሰው ከሥራ ወጥቶ በሚገናኝበት ሰዓት እሷ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከቤት ትወጣለች።

ከፈለች። ፎቶዎቹ ሲጠሩ ግማሾቹ አውሮፕላን ካልተሳፈሩ የማይደረስባቸው ሆነው ተገኙ። ሐበሾቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛውን እሷም እኔም እናውቀዋለን፤ ባለትዳር ነው።

የሚከፈልበት አፕ ይሻላል ወይስ ነጻው የሚለው ጥያቄ በኛ ሰው ዘንድ በተነሳ ቁጥር የምሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ቁም ነገረኛ ነው።» እኔ በዚህ አልስማማም። የሚከፈለው ገንዘብ የሚገዛው ማን እንደወደደን ቀድሞ ማየትን፣ ገደብ የሌለው ምርጫን፣ ፕሮፋይላችን በሌሎች ስልክ ላይ ቶሎ ቶሎ መታየቱን፣ አንዳንዴም «ልጅ ይፈልጋል ወይ» የሚሉ ተጨማሪ ማጣሪያዎችን ነው። የሰውየውን ጠባይ፣ ትዳር ይኑረው አይኑረው፣ የተናገረው እውነት ይሁን አይሁን የሚነግረን ነገር በዚህ ውስጥ የለም። አጭበርባሪም ካርድ አለው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ሰዎች በፍቅር ስም ተጭበርብረው አጣን ብለው ያመለከቱት ገንዘብ ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሺዎችን ለመውሰድ ለተነሳ ሰው 35 ዶላር ምኑ ነው?

ወላጆቻችን በነበሩበት ዘመን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰው ይጠየቅ ነበር። የማን ልጅ ነው? ጎረቤቱ ምን ይለዋል? ሲጠጣ እንዴት ነው? ይህን የሚመልሰው ሰው ስሙን አስይዞ ነበር የሚመልሰው፤ ነገሩ ከተበላሸ በለቅሶም በሰርግም ከሴቲቱ ቤተሰብ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛላ። ዋስ ማለት ይኸው ነው። ያ ሥርዓት ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ ስንት ልጃገረድ ፈቃዷ ሳይጠየቅ ተድራበታለች። ነገር ግን ስደት ስንወጣ ጠያቂውም ተጠያቂውም አገር ቤት ቀሩ፤ ያንን ክፍተት በወርሃዊ ክፍያ ለመሙላት እየሞከርን ነው።

ኩባንያዎቹም ይህን ጉድለታችንን በደንብ ያውቁታል። ማች ዶት ኮም የተባለው የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ ድረ ገጽ የስድስት ወር ደንበኝነት ለሚገዙ ሰዎች፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሆናቸውን ሰው ካላገኙ ሌላ ስድስት ወር በነጻ እንደሚጨምርላቸው ዋስትና ይሰጥ ነበር። የንግድ ኮሚሽኑ በ2019 ሲከሰው ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ ይህ ነው፦ በየወሩ ለአምስት የተለያዩ አባላት መልዕክት መላክን የመሳሰሉ ቅድመ ሁኔታዎች በግልጽ አልተነገሩም፤ ደንበኝነት ማቋረጥም ሆን ተብሎ እንዲያስቸግር ተደርጓል። በ2025 የኩባንያው ባለቤት ማች ግሩፕ 14 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ። የዚሁ ኩባንያ የሆነው ቲንደር የተባለው አፕም በ2015 የሚከፈልበትን አገልግሎት አሜሪካ ውስጥ ሲጀምር ከ30 ዓመት በታች ያሉትን በወር 9.99፣ ከዚያ በላይ ያሉትን 19.99 ዶላር ያስከፍል ነበር። የአክስቴ ልጅ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ለዚያው አገልግሎት እጥፍ ትከፍል ነበር ማለት ነው። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2018 አሠራሩ የዕድሜ አድልዎ ነው ብሏል።

መክፈል ፈጽሞ አይገባም አልልም። ከተማው ትልቅ ከሆነ፣ ጊዜ ከሌለና ማጣሪያው በእርግጥ የሚጠቅም ከሆነ አንድ ወር ከፍሎ መሞከር ነውር የለውም። ግን መጀመሪያ በነጻው ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ የሚፈለገው ዓይነት ሰው አካባቢው ላይ መኖሩን ማየት ይበጃል። በነጻው ያልታየ ሐበሻ ስለተከፈለ ብቻ ከመሬት አይበቅልም። ደግሞ አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። የአክስቴ ልጅ ተናዳ አፑን ካጠፋችው በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ከካርዷ ሲቆረጥ ነበር። አንድ ቀን አብረን የስልኳን ሴቲንግ ከፍተን፣ በስሟ ሥር ሰብስክሪፕሽን የሚለው ውስጥ ገብተን ሰረዝነው። ይህን ሥራ በከፈሉበት ዕለት መጨረስ ነው የሚሻለው፤ የተከፈለበት ወር እስኪያልቅ አፑ መሥራቱን አያቆምም።

አሁን ወደ ነጻው ተመልሳለች፤ አንድ ልማድም አውጥታለች። መጀመሪያ በቪዲዮ ታወራለች። ከዚያ በአካል ከመገናኘታቸው በፊት «እዚህ ከተማ ማን ያውቅሃል?» ብላ ትጠይቃለች። የሚቆጡ አሉ፤ መልስ ሳይሰጡ የሚጠፉም አሉ። በመጋቢት አንዱ የማኅበሩን ስም ነግሯት የታላቅ እህቱን ስልክ ላከላት። ደወለች። እህትየው መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላም ስለ ወንድሟ የመጀመሪያ ትዳርና ስለ ልጁ ምንም ሳትደብቅ አንድ ሰዓት አወራቻት። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተገናኝተዋል።