ባርሴሎና ጓዳውን ያሳያል፤ እኛስ?

ባርሴሎና እንግዳ ሲመጣብኝ፣ ጊዜ ካለው በአር 4 ባቡር ሳንት ሳዱርኒ ይዤው እሄዳለሁ። ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ፔኔዴስ በሚባለው የወይን አገር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ አረፋማው የስፔን ወይን፣ ቃቫ፣ በብዛት የሚወጣው ከዚህ አካባቢ ነው።

እዚያ የምትከፍለው ለመጠጡ ብቻ አይደለም፣ አሠራሩን ለማየትም ነው። ምድር ቤት ይዘውህ ይወርዳሉ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ግራና ቀኙ ጠርሙስ ብቻ። ወይኑ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ይፈላል፣ አረፋው የሚመጣውም ከዚያ ነው። ቢያንስ 9 ወር ይተኛል፤ ግራን ሬሴርቫ የሚሉት 30 ወር። ከዚያ ጠርሙሱን ትንሽ ትንሽ እያዞሩ አንገቱን ወደ ታች ይደፉታል፣ አተላው እዚያ ሲጠራቀም አንገቱን ብቻ በረዶ ያደርጉትና ክዳኑ ሲከፈት አተላው ተስፈንጥሮ ይወጣል። አስጎብኚዎቹ የመጀመሪያው ቃቫ በ1872 እ.ኤ.አ. እዚሁ መሠራቱን፣ ኋላም ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ የወይን ተክሉን ሲጨርሰው ገበሬው እንደገና መትከሉን የገዛ ቤታቸውን ታሪክ እንደሚያወሩ ሆነው ነው የሚነግሩህ።

በብርዱ ወራት ደግሞ ቫልስ ወደምትባል ሌላ ከተማ ነው። ካልሶት የሚሉት ባሮ ሽንኩርት የሚመስል ነገር አላቸው። ግንዱ ነጭ እንዲሆን አፈር እያስታቀፉ ያሳድጉትና፣ በወይን ጭራሮ እሳት ላይ እስኪጠቁር ይጠብሱታል። ያረረውን ልጣጭ በእጅህ መልጠህ ከቲማቲም፣ ከአልሞንድና ከነጭ ሽንኩርት በተሠራ ማባያ እየነከርክ፣ አንገትህን ቀና አድርገህ ትበላለህ። ሽንኩርት ነው እንግዲህ! ግን ለእሱ ሲባል ከተሜው ሁሉ ገጠር ይወጣል።

እኛም እንወጣለን እኮ። አዲስ አበቤ ለቁርጥ ዱከም ይወርዳል፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ይውላል። መሬቱ የአዳ ጤፍ መሬት ነው፣ ያ ስሙ የተጠራ ጤፍ። ግን በልተን ጠጥተን ስንመለስ ማሳውን ያሳየን የለም፣ ገበሬውንም አናገኘውም። ባቱ ላይ ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ወይን ተክሎ እየጠመቀ ነው፣ ደስ ይላል፤ እኔን የሚቆጨኝ ግን ጠጁ ነው። ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚዎቹ እኛ ሆነን፣ የጠጅ ሙያ ጓዳ ተቀምጦ ሳሎን የሚወጣው ብርሌው ብቻ ነው። ጠጅ የሚጥሉት እናቶች ያላቸው እውቀት ከዚያ ምድር ቤት ሙያ በምን ያንሳል? እንዲያውም እነሱ ሁሉንም በአፍንጫና በምላስ ነው የሚለኩት።

አንድ ጠጅ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ጓዳውን ይክፈት። ጋኑ በወይራ ሲታጠን፣ ማሩ ሲበጠበጥ፣ የጌሾው እንጨት ሲገባበት ያሳየን፤ ከስንት ቀን በኋላ ምን እንደሚሸት ባለሙያዋ ራሷ ታስረዳን፣ ክፍያውም ለእሷ ይድረስ። አገር ቤት ስመጣ ልጆቼን ይዤ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው።