ባንዲራውንማ በአንድ መስመር ባታልፉት

ስለ ሳሚዋ (ሳሚ ማለት የሰሜን ስካንዲኔቪያ ነባር ሕዝብ ነው) ገጣሚ ስለ ሲኖቨ ፔርሰን የጻፋችሁትን አነበብኩ፣ እጃችሁ ይባረክ። ግን ባንዲራውን በአንድ መስመር ማለፋችሁ ቆጨኝ። ሴትዮዋ እኮ በ1977 (እ.ኤ.አ.) ገና ኦስሎ ሥዕል ስትማር ነው ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊውን የሳሚ ባንዲራ የነደፈችው። ዛሬ የሚውለበለበው በ1986 የጸደቀው ነው፤ አስትሪድ ቦል የምትባል ሠዓሊ አረንጓዴ ቀለምና የፀሐይና የጨረቃ ክብ ጨምራበታለች። መነሻው ግን የፔርሰን ነው።

ደግሞ «ፖለቲከኛ» ስትሏት ወንበር ይዛ የኖረች አስመሰላችኋት። የእሷ ፖለቲካ ሌላ ነው። በጥቅምት 1979 ኖርዌይ ፓርላማ ፊት ለፊት የሳሚ ድንኳን ተተክሎ የረሃብ አድማ ሲደረግ እሷም ከአድመኞቹ አንዷ ነበረች። ጠቡ በሰሜን ኖርዌይ በአልታ ወንዝ ላይ ሊሠራ በታቀደው የኤሌክትሪክ ግድብ ነው፤ የመጀመሪያው እቅድማ ማዜ የሚባለውን የሳሚ መንደር ጭምር ውኃ የሚያስውጥ ነበር። መንግሥት ሥራውን ለጊዜው አቆመ፣ ኋላ ግን ግድቡ በ1987 አለቀ። ሳሚዎቹ በግድቡ ተሸነፉ፣ በ1989 ደግሞ የራሳቸው ፓርላማ ተከፈተ። ያ ጩኸት ባይኖር ይከፈት ነበር? እኔ አይመስለኝም።

የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፏ የወጣው በ1981 ነው፣ ያውም በሰሜን ሳሚ ቋንቋ። ልጆች በትምህርት ቤት በአፍ መፍቻቸው እንዳይናገሩ ሲከለከሉ በኖሩበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግጥሞቿን እኔ ያየሁት በኖርዌጅኛ ትርጉም ነው፤ አጭር አጭር ናቸው። እስቲ አንዱን ወደ አማርኛ መልሳችሁ አስነብቡን።