ጡረተኛው ከነዕቃው ሲመለስ፦ ቀረጥ ይክፈል ወይስ አይክፈል?

ውጭ አገር ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ጠቅልለው ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡ ሰዎች የግል መገልገያ ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ የሚያስገቡበት ሥርዓት አለ። መብቱ ግን በተወሰነ የዕቃ ዝርዝር የተገደበ ነው፤ መኪናንም አይጨምርም። ይስፋ ወይስ ይጥበብ? በዚህ ላይ የሚከራከሩት በሜሪላንድ በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ እናትና አዲስ አበባ ውስጥ በጉምሩክ አስተላላፊነት ረጅም ዘመን ያገለገሉ ሰው ናቸው።

ነርሷ

ቀረጥ የሚጣለው ለመንግሥት ገቢ ለማስገኘትና የአገር ውስጥ አምራችን ከውጭ ሸቀጥ ለመጠበቅ ነው። እኔ ዘመኔን ሙሉ የተኛሁበት አልጋ፣ ልጆቼን ያበላሁበት ጠረጴዛ፣ በካርቶን የታሰሩት መጻሕፍቴ ከየትኛው ነጋዴ ጋር ይወዳደራሉ? አልሸጣቸውም። ስገዛቸውም የሜሪላንድን 6 በመቶ የሽያጭ ግብር ከፍዬባቸዋለሁ።

ነፃ ከሆነው ዝርዝር ውጭ የቀረ ዕቃ ምን እንደሚጠየቅበት ቁጭ ብሎ ያሰላ ሰው ይደነግጣል። ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ መጣኔ 35 በመቶ ነው። ቀረጡ በተጨመረበት ዋጋ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል፤ በዚያ ድምር ላይ ደግሞ ሱር ታክስ የሚባል 10 በመቶ ተጨማሪ ግብር ይመጣል። በዚህ ስሌት 100 ሺህ ብር የተገመተ ዕቃ 70 ሺህ 775 ብር ይጠየቅበታል፤ ይህም ማኅበራዊ ልማት ቀረጥ የሚባለውን ሌላ ክፍያ ሳልቆጥር ነው። በግምቱ ውስጥ የማጓጓዣና የመድን ወጪም ስለሚገባ፣ ያረጀ ሶፋ ያመጣ ሰው ከሶፋው ይልቅ ሶፋው ለተጓዘበት መንገድ ቀረጥ ይከፍላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሶፋው ያው ነው፤ የሚታሰብበት ብር ግን በእነዚያ ሳምንታት ብቻ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር።

ጡረተኛ ደግሞ ደመወዝ የለውም። የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያው አዲስ አበባ ድረስ ይከተለዋል፤ የአረጋውያን የሕክምና መድን የሆነው ሜዲኬር ግን በአጠቃላይ ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም፤ ስለዚህ ለሐኪም የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ያችን ዶላር እዚህ ሊመነዝር፣ እዚህ ሊያወጣ የመጣን ሰው ገና በደጃፉ ማስጨነቅ ለአገር ምን ይጠቅማል?

አስተላላፊው

እህቴ፣ ስለ አልጋዎና ስለ መጻሕፍትዎ የሚከራከርዎ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ በእርስዎ አልጋ ተከልሎ የሚገባው ነው።

በአንድ ወቅት ጠቅልሎ ለሚገባ ሰው መኪና ያለ ቀረጥ ይፈቀድ ነበር። ከዚያ ባለመብቱ ስሙን ማከራየት ጀመረ፤ መኪናው ይገባል፣ ሰውየው ተመልሶ ይሄዳል፣ መኪናው ገበያ ላይ ይወጣል። መብቱ የተዘጋው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሩ ሲዘጋም እውነተኛው ተመላሽ አብሮ ውጭ ቀረ። ኮንቴይነር ሲከፈት ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። ለጉምሩክ በሚቀርበው የዕቃ መግለጫ፣ በዲክላራሲዮኑ ላይ «ያገለገለ የቤት ዕቃ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከበሩ አጠገብ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ ድስትና የልጆች ብስክሌት ይታያል። ፍራሹ ሲነሣ ከኋላው ካርቶናቸው ያልተከፈተ ተመሳሳይ ቴሌቪዥኖች ተደርድረው ይገኛሉ። አንድ ቤተሰብ ስንት ቴሌቪዥን ያያል?

ሌላም አለ። ከቤሩት ወይም ከሪያድ የምትመለስ እህታችን የዓመታት ልፋቷን በሁለት ሻንጣ ይዛ ስትገባ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ዕቃዋ አንድ በአንድ ይፈተሻል። እርሷ ኮንቴይነር የሚሞላ ቤት ኖሯት አያውቅም፤ የኖረችው በአሠሪዋ ቤት ነው። መብቱን ስናሰፋ የምንሰጠው ቀድሞውንም ላለው ነው። እንጨቱን በውድ ገዝቶ ግብሩን ከፍሎ ቁም ሳጥን የሚሠራው አናጺም ገበያው ይሄዳል።

ነርሷ

የሌባውን ዕዳ ለምን እኔ እከፍላለሁ? የአውሮፓ ኅብረት ለዚሁ ጉዳይ ደንብ ቁጥር 1186/2009 አለው። ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወራት የኖረ ሰው መኖሪያውን ወደዚያ ሲያዛውር፣ ቢያንስ ለ6 ወራት የተገለገለበትን ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል። በ12 ወራት ውስጥ ካበደረው፣ ካስያዘው፣ ካከራየው ወይም ለሌላ ካስተላለፈው ቀረጡን ይከፍላል። አልኮልና ትምባሆ አይካተቱም። ካርቶኑ ያልተከፈተ ቴሌቪዥን በዚህ ደንብ አያልፍም፤ የእኔ አልጋ ግን ያልፋል።

ስለ ቤሩቷ ልጅ ያሉት ልቤን ነክቶታል። የተናገሩት ግን መብቱ ለእርሷም እንዲሰጥ የሚያስገድድ እንጂ ከእኔ እንዲነጠቅ የሚያደርግ አይደለም። እርሷ በተገለገለችበት ስልክና በልብስ ስፌት መኪናዋ መጠየቅ የለባትም።

አስተላላፊው

ደንቡ ጥሩ ነው። ግን ያን 12 ወር ማን ይከታተለዋል? አንድ ጊዜ ኮንቴይነሩ ተራግፎ ዕቃው በየቤቱ ከገባ በኋላ ሶፋ ሰሌዳ ቁጥር የለውም፤ የት ደረሰ ብሎ የሚፈልግ መኮንንም የለም። እንኳን ሶፋ፣ ሰሌዳ ያለው መኪና እንኳ አምልጦናል።

ደንበኞቼን ሁልጊዜ የምመክረው አንድ ነገር አለ፤ ለእርስዎም ልበል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይለውጠውም። ስለዚህ ለዚያ አገር ብቻ የተሠራ ማቀዝቀዣና ልብስ ማጠቢያ፣ ሞተሩ እየጋለ ቶሎ ሊበላሽ ይችላል። ሰው ለእነዚህ ዕቃዎች የመርከብ ከፍሎ፣ የመጋዘን ከፍሎ፣ ከቀረጥ ጋር ታግሎ አስገብቶ በመጨረሻ በረንዳ ላይ ሲያስቀምጣቸው አይቻለሁ። እውነተኛ የጡረተኛ ዕቃ ከዚህ ሁሉ ሲጣራ ትንሽ ነው። ለዚያች ትንሽ ዕቃ ያለው ዝርዝር ይበቃል፤ የሚሰፋው ለነጋዴው ነው።

ነርሷ

ማቀዝቀዣውን እዚያው እሸጠዋለሁ። መኪናውንም ልተውልዎ፤ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በመከልከሉ የእኔ አሮጌ መኪና አስቀድሞም መንገድ የለውም።

በዝርዝሩ ግን አልስማማም። ዝርዝር የሰውን ቤት አያውቅም። ለአንዷ መጽሐፍ ነው፣ ለሌላው የእንጨት ሥራ መሣሪያ፣ ለሦስተኛው ለታመመ ባለቤቱ የገዛው የሚታጠፍ አልጋ። መለኪያው የዕቃው ዓይነት ሳይሆን ያገለገለ መሆኑና ብዛቱ ይሁን። ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ከነፎቶግራፉ ተመዝግቦ ለጉምሩክ ይላክ፤ ይገባል ወይም አይገባም የሚለው መልስ ያኔውኑ በጽሑፍ ይሰጠኝ። አይገባም የተባለውን እዚያው ለጎረቤት ሰጥቼ እመጣለሁ። እኔን የሚጎዳኝ ቀረጡ ብቻ አይደለም፤ ዕቃዬ ደረቅ ወደብ ቆሞ የመጋዘን ኪራይ እየቆጠረ ሳለ መልሱን ቢሮ ለቢሮ መፈለጌ ነው።

አስተላላፊው

ቅድሚያ ምዝገባውን እደግፋለሁ፤ እንዲያውም የእኛን የአስተላላፊዎችን ክርክር ግማሹን ያስቀርልናል። ከዝርዝሩ ውጭ ላለው ዕቃ ግን ቀረጡ ተሰልቶ የባንክ ዋስትና ይያዝበት፤ ዓመት ሲሞላ ሰውየውም ዕቃውም እዚሁ ከተገኙ ዋስትናው ይለቀቅ። ያለዚያ አልፈርምም።

ነርሷ

ዋስትናውን ለማስያዝ ባንክ የሚጠይቀው ገንዘብ ለመጀመሪያው ዓመት ኑሮዬና መድኃኒቴ ያስቀመጥሁት ነው። ዓመት ሲሞላ መጥታችሁ ቤቴን እዩ፤ አልጋውም እኔም እዚያው ነን። ገንዘቤን ግን አትያዙብኝ።